ደማቅ ቀለም ያላቸው የአቴሎፐስ ጓጉንቸሮች
በክረምት ከጅማው ቦዬ ረግረግ የሚሰማው የእንቁራሪቶች ድምፅ ሐሳቤን ከኮስታ ሪካ እስከ ቦሊቪያ ድረስ በጅረቶች ዳር ወደሚኖሩት፣ አቴሎፐስ ወደሚባሉት ጓጉንቸሮች ይወስደዋል። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለማቸው መርዛማ መሆናቸውን ለአዳኝ እንስሳት ያስታውቃል፤ ከኪትሪድ ፈንገስ ግን አላዳናቸውም። ውኃና ጨው የሚያስገቡት በቆዳቸው ስለሆነ፣ ፈንገሱ ቆዳቸውን ሲያጠቃ የደማቸው ጨው ተዛብቶ ልባቸው ይቆማል። ወደ 100 ከሚጠጉት ዝርያዎች አብዛኞቹ ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ መሆናቸው በእውነት ያሳዝነኛል። የፓናማው ወርቃማ ጓጉንቸር ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዱር አልታየም፤ ዘሩ የቀጠለው በሰው እንክብካቤ ሥር ነው። ያም ሆኖ፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. በኋላ ከኮስታ ሪካ ጠፍቷል የተባለ ሌላ ዝርያ በ2003 እ.ኤ.አ. እዚያው ዳግም ተገኝቷል፤ በእኔ እምነት ይህ ብቻውን ፍለጋውን ለመቀጠል በቂ ምክንያት ነው።