ከኤርቢል እስከ ኪርኩክ፦ በመዝገብ የታሰረ ድርድር

ከኤርቢል ኪርኩክ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ደህና ነው፤ ጊዜ የሚበላው ኬላው ነው። መናኸሪያው ላይ ታክሲው አራት ሰው ሳይሞላ አይነሳም። ሾፌሩ የውጭ ሰው መሆኔን ሲያይ 25 ሺህ ዲናር አለኝ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ግን ዓይኔ እያየ 10 ሺህ ከፍለዋል። እኔ አፌን ሳልከፍት እነሱ ጮኹበትና እንደ ሰው 10 ሺህ ከፍዬ ተሳፈርኩ። ኤርቢል በሰሜን ኢራቅ ያለው የኩርዲስታን ራስ ገዝ ክልል ዋና ከተማ ናት፤ ኪርኩክ ግን የምትተዳደረው በባግዳድ ስለሆነ የፌደራሉን ቪዛ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

አልቱን ኩፕሪ ላይ ትንሹን ዛብ ወንዝ ተሻገርን። የአረብና የኩርድ የግዛት ጥያቄ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው እዚህ መንገድ ላይ ኬላዎቹ የት እንደቆሙ ይመልከት፤ ቦታቸው ሲፈራረቅ ኖሯል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በጁን 2014 አይ ኤስ ሲመጣ የኢራቅ ጦር ጥሎ ወጣ፣ የኩርዱ ክልል ሠራዊት ፔሽመርጋ ኪርኩክን ያዘ። ኩርዶች ሴፕቴምበር 25 ቀን 2017 የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ አደረጉ፤ ኦክቶበር 16 የባግዳድ ጦር ከተማዋን መልሶ ያዘ፣ በአራተኛው ቀን ደግሞ እዚሁ አልቱን ኩፕሪ ላይ ተታኮሱ። ዛሬ መጀመሪያ የኩርዱ፣ ቀጥሎ የፌደራሉ ኬላ ይመጣል። በሁለቱ ሠራዊቶች መሃል ማንም በወጉ የማይጠብቀው ክፍተት በየቦታው አለ፤ የአይ ኤስ ርዝራዦች ሲመላለሱበት የኖሩትም እዚያ ነው።

ለዚህ ክፍተት አንድ የሚሠራ መላ ተገኝቶለት ነበር። በ2010 አሜሪካኖች የኢራቅን ወታደር፣ ፔሽመርጋውንና የራሳቸውን ወታደር በአንድ ኬላ ላይ አቆሙ። መሬቱ የማን ነው የሚለውን አልነኩም፤ ዓላማቸው በአንድ ሰው ስህተት የተተኮሰች ጥይት ጦርነት እንዳታስነሳ ብቻ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኘው ሦስተኛ ወገን በ2011 መጨረሻ ሲወጣ አሠራሩ ላላ። እኔ እንደማምነው ከሁሉም የሽምግልና ሙከራዎች ለተራው ሰው የጠቀመው ይሄ ነው።

ኪርኩክ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነበር። የኻሳ ወንዝ አሸዋ ብቻ ሆኖ ጠበቀን። ሌሊቱን የሆቴሉ ጄኔሬተር ከመስኮቴ ሥር ሲያጓራ አደረ፤ የነዳጅ ከተማ ውስጥ መብራት እንዲህ መቆራረጡ እጅግ ያበሳጫል። ባባ ጉርጉር፣ በ1927 ነዳጁ ከመሬት ፈንድቶ የወጣበት ቦታ፣ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል።

በማግስቱ ገበያው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቱርክመን ሱቃቸው ውስጥ አስቀምጠው ሻይ ሰጡኝ፤ ልክፈል ብል ተቆጡ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ከመሳቢያ የፕላስቲክ ከረጢት አወጡ። በውስጡ የአባታቸው የእርሻ ታፑ ማለትም የይዞታ ደብተር ቅጂ፣ የራሽን ካርድና ሦስት ማኅተም ያረፈበት የአቤቱታ ወረቀት ነበር። ታፑው ከመታጠፉ ብዛት መሃሉ ተበጥሷል፤ በማጣበቂያ ፕላስተር አያይዘውታል። ሁሉም ነገር እዚህ ከረጢት ውስጥ ነው አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ነገሩን የማየው በዚያ ከረጢት በኩል ነው።

የሳዳም ሁሴን ፓርቲ የባዝ መንግሥት ኩርዱንና ቱርክመኑን ከኪርኩክ እያስወጣ ከደቡብና ከመሃል ኢራቅ አረቦችን አስፍሯል። ሰፋሪው የሚሰጠው 10 ሺህ ዲናር ስለነበር ዛሬም ሕዝቡ «የ10 ሺዎቹ» ይላቸዋል። ያኔ ቤት ያሠራ የነበረው ገንዘብ አሁን የታክሲ ሒሳብ ሆኗል። በ1976 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ስም አል ተእሚም ተብሎ፣ ቱዝ ኹርማቱ፣ ኪፍሪ፣ ከላርና ቸምቸማል ተቆርሰው ወደ ሌሎች ተሰጡ። ስለዚህ ኪርኩክ ወደ ኩርዱ ክልል ትግባ ወይስ በባግዳድ ሥር ትቆይ በሚለው ሕዝብ ድምፅ ይስጥ ሲባል የመጀመሪያው ጭቅጭቅ በየትኛው ወሰን ነው፣ የሚሰጠውስ ማን ነው የሚል ነው።

የ2005ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 140 ቅደም ተከተሉን አስቀምጧል፦ መጀመሪያ በደል ይታረም፣ ቀጥሎ ሕዝብ ይቆጠር፣ በመጨረሻ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ፤ ይህም እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2007። አንዱም በጊዜው አላለቀም። ወደ መጣበት ለሚመለስ አረብ 20 ሚሊዮን ዲናርና የቤት ቦታ ተመድቦ ነበር፤ በፈቃዱ የወሰደም አለ። ከጁላይ 1968 እስከ ኤፕሪል 2003 የተነጠቀን ንብረት የሚያይ ኮሚሽንም ተቋቁሟል። የሚበላሸው ግን እዚህ ነው፤ መሬቱን ከሰፋሪው በቅን ልቦና የገዛ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሰው አለ፣ ይግባኙ ባግዳድ ነው፣ ካሳ ሳይከፈል ባለይዞታው አይለቅም።

ቆጠራውም እንደዚያው። ሁሉም የሚጠቅሰው የ1957ቱን ነው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተመዘገበ በመሆኑ። በከተማዋ ቱርክመኖች ይበዙ ነበር፣ በጠቅላላው ክፍለ ሀገር ኩርዶች። ስለዚህ ከአንድ መዝገብ ሁለቱም የየራሳቸውን ማስረጃ ያወጣሉ። በኖቬምበር 2024 የተካሄደው ቆጠራ ደግሞ ስለ ብሔር አልጠየቀም፤ በዚህ አልፈርድባቸውም፣ ቢጠይቅ ኖሮ ቆጠራው ራሱ አይካሄድም ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የኢራቅ ጽሕፈት ቤት (ዩናሚ) በውሳኔ ቁጥር 1770 በኦገስት 2007 ወደ ጉዳዩ የገባው እንዲህ በተተበተበበት ሰዓት ነው። መሪው ስታፋን ደ ሚስቱራ ነበሩ። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሲል ስድስት ወር አስጨመሩ። በጁን 2008 ለአራት ወረዳዎች ምክረ ሐሳብ ሰጡ፤ አክሬ፣ እንዲሁም ከቀራጅ ንዑስ ወረዳ በስተቀር መኽሙር ወደ ኩርዱ፣ ሐምዳኒያና መንደሊ ወደ ባግዳድ። ሁሉም ወገን ጮኸ። በኤፕሪል 2009 ስለ 15 አካባቢዎች የተዘጋጀውን ትልቁን ጥናት ሲያስረክቡ ይሄ የማን ይሁን ማለቱን ትተው ነበር። የአስተዳደር ታሪክን ከ1968 ጀምሮ፣ የድምፅ አሰጣጥን፣ የንብረት ክርክርን አንድ በአንድ አስፍረው፣ ለኪርኩክ ሳትቆረስ አራት አማራጭ አቀረቡ። ሰነዱ ለሕዝብ አልወጣም። ይህ ትልቅ ጥፋት ይመስለኛል፤ ሻይ የጋበዙኝ ሽማግሌ ስለ ራሳቸው መሬት የተጻፈውን ማንበብ ነበረባቸው።

እኛ አገር የምናውቀው ሌላውን ዓይነት ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን በኤፕሪል 2002 የፈረደው ፍርድ የመጨረሻና አስገዳጅ ነበር፤ ችካሉ ግን መሬት ላይ አልተተከለም። ኪርኩክ ላይ ደግሞ ማንንም የማያስገድድ ጥናት ብቻ ቀረበ። ሁለቱንም ሳስብ፣ አደራዳሪ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ነገ ጠዋት ማሳው ላይ ማን ይቆማል የሚለውን ነው እላለሁ።

በዲሴምበር 2023 ኪርኩክ ከ2005 ወዲህ የመጀመሪያውን የምክር ቤት ምርጫ አደረገች። ከ16ቱ መቀመጫ ኩርዶች 7፣ አረቦች 6፣ ቱርክመኖች 2፣ ክርስቲያኖች 1 አገኙ፤ ክርስቲያኑ ከኩርዶች ጋር ሲቆም 8 ለ8። አስተዳዳሪው የተመረጡት ከስምንት ወር በኋላ፣ ያውም ባግዳድ ሆቴል ውስጥ። ዩናሚም ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ሥራውን አብቅቷል።

አሁን ተስፋ የተጣለው በጃንዋሪ 2025 የባግዳድ ፓርላማ ባጸደቀው፣ የባዝ ዘመን የመሬት ነጠቃ ውሳኔዎችን በሻረው ሕግ ላይ ነው። ወር ሳይሞላው የኪርኩክ ክፍለ ሀገር በሆነው ሰርገራን ውስጥ የኩርድ ገበሬዎችና ወታደሮች ማሳ ላይ ተያያዙ። የሽማግሌውም ጥያቄ ይኸው ነው፦ መሬቱን አሁን የሚያርሰው ሰው ካሳውን የሚቀበለው ከመልቀቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የዘራውንስ ማን ያጭደዋል?