ሽሮ የተማርኩበት ሁዳዴ

እውነቱን ልናገር። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ሽሮ መሥራት አልችልም ነበር። እንቁላል እጠብሳለሁ፣ ፓስታ እቀቅላለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። አለቀ። ሽሮን ግን "እሱ ደግሞ ምን ሥራ አለው" እያልኩ ስንቀው ኖሬ ሳልማረው ቀረሁ።

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ቱሉ ዲምቱን ለማያውቅ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት የከተማው ጫፍ ነው። ሥራዬ ደግሞ መሀል ከተማ። ጠዋት ለታክሲ ሰልፍ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ሰልፍ፣ ቤት የምገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት ልላጥ የሚል ወንደላጤ ካለ ባርኔጣዬን ባነሳለት ደስ ይለኛል፣ ግን አላየሁም።

ስለዚህ ውጭ ነበር የምበላው። ምሳም እራትም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሰዉ ምሳ ዕቃ ይዞ እየመጣ ይሰባሰባል፤ እኔ ባዶ እጄን መቀላቀሉ ስለሚያሳፍረኝ "ቀጠሮ አለኝ" ብዬ እወጣለሁ። ቀጠሮዬ ከበያይነቱ ጋር ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ወጪዬ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ግን ጾሙ 55 ቀን ነው፣ በያይነቱም ነጻ አይደለም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ኪሴን ፈትሼ ደነገጥኩ። ያን ቀን ማታ ኩሽና ገብቼ መደርደሪያውን ስከፍት እናቴ ከሀገር ቤት በሰው የላከችልኝን ምጥን ሽሮ አገኘሁት። ከመስቀል ጀምሮ እዚያው ተቀምጧል። አተርና ሽምብራውን ለቅማ፣ ቆልታ፣ ከክታ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከበሶብላው፣ ከኮረሪማው ጋር አስፈጭታ የላከችው። ስንት ቀን እንደፈጀባት እግዜር ይወቀው። እኔ ደግሞ ሰው ሽሮ እንዲሠራልኝ ገንዘብ እከፍላለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ውርደት ነበር። ዘይት አፈሰስኩ፣ በትልልቁ የተቆረጠ ሽንኩርት ጨመርኩ፣ እሳቱን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። ሽንኩርቱ ጠርዙ ጠቆር ሲል በሰለ አልኩ። ውሃ ከለስኩ፣ ሽሮውን ባንዴ ገለበጥኩት። ወዲያው ጓጎለ። ላማስል ስል ተፈናጥሮ እጄን ፈጀኝ፤ እሳቱን ስቀንስ ታችኛው ቀድሞ አርሯል። ቀመስኩት። ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ደግሞ ያረረ ያረረ ይላል። ሁለቱን ባንድ ድስት ማምጣት ራሱ ችሎታ ነው። ያን ማታ ደረቅ ዳቦ በልቼ ተኛሁ። ድስቱ ሁለት ቀን ተዘፍዝፎ ነበር፣ ያውም ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር።

በማግስቱ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ሽሮሽ ተበላሽቷል መሰለኝ።"

"ሽሮዬ? ሽንኩርቱን ስንት ደቂቃ አቁላላኸው?"

"አምስት... ስድስት።"

ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። "በል ሽሮዬን አትስደብ" ብላ ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት። እህቴም ሳቀች። ትምህርቱ በዚሁ አለቀ።

ዋናውን ነገር ያሳዩኝ ከሥሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ናቸው። የቅዳሜ ዕለት ሁለተኛ ሙከራዬ ላይ እያለሁ የማረር ሽታው ደረጃውን ሞላው። በሩን አንኳኩ።

"አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? ቤቱን ልታቃጥለው ነው?"

"ሽሮ እየሠራሁ ነው እትዬ። ይግቡ።"

ገቡ። ድስቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ይሄን ድፋው" አሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና አዲስ ሽንኩርት አስላጡኝ። አምስት ራስ። ለአንድ ሰው አምስት ራስ ሽንኩርት በዛ አልኳቸው። "ሽሮ እኮ ማለት ቁሌት ነው፣ ዱቄቱ ማያያዣ ነው" አሉኝ። እስከ ዛሬ ስለ ምግብ ከሰማሁት ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው ይሄ ነው።

ያደረጉትን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ሽንኩርቱ ደቆ ተከተፈ፣ ሊጥ እስኪመስል ድረስ ማለት ይቻላል። ድስቱ ውስጥ ያለ ዘይት ገባ። ያለ ዘይት! እሳቱ መካከለኛ። መጀመሪያ ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ አወጣ፤ ያ ውሃ መጠጥ ሲልና ድስቱን ሊይዝ ሲል በሾርባ ማንኪያ ትንሽ ውሃ ጠብ ያደርጉበታል፣ ያማስላሉ፣ ደግሞ ይጠብቃሉ። አሁንም ጠብ። ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ አሥር ደቂቃ አካባቢ ላይ ጠፋ፣ ከዚያ ጣፋጭ ነገር መሽተት ጀመረ። ቀለሙም ወደ ቡናማ ሄደ። እኔ በየሁለት ደቂቃው "አሁንስ?" እላለሁ፣ እሳቸው "ገና" ይላሉ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ዘይቱ የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀጥሎ ግማሽ ማንኪያ በርበሬ፣ እሱም ከትንሽ ውሃ ጋር ተቁላላ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት።

ውሃው ለብቻው ፈልቶ ነበር የተጨመረው። ሽሮውን በግራ እጃቸው እየነሰነሱ በቀኛቸው ያማስላሉ፤ አንድ ጉብታ እንኳን አልነበረም። እሳቱ ዝቅ፣ ክዳኑ ገርበብ። ሽሮው ጧ... ጧ... እያለ ለግማሽ ሰዓት ተንተከተከ። ዘይቱ ከላይ ብቅ ብቅ ሲል "ይኸው፣ አሁን በሰለ" አሉ። ጨው፣ ሁለት ቃሪያ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ በቃ። ቲማቲም አላስገቡም። ሽሮ ውስጥ ቲማቲም የሚያስገቡ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አልጣላቸውም፣ ግን የእኔን ድስት አይነኩም።

ያን ቀን ቆመን ነው የበላነው፣ ከድስቱ። ለራሴ ስል አላጋንንም፣ ሦስት እንጀራ ጨረስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ችግር ጊዜ ነበር። ማታ 2 ሰዓት ገብቶ ሃያ አምስት ደቂቃ ሽንኩርት ማቁላላት በሥራ ቀን አይታሰብም። መፍትሔው እሁድ ሆነ። እሁድ ጉሊት ወርጄ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እገዛለሁ፣ ሬዲዮ ከፍቼ ሁሉንም ባንዴ አቁላላለሁ፣ ከዘይትና ከበርበሬው ጋር አዋህጄ በዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገባለሁ። ማታ ሁለት ማንኪያ ቁሌት አውጥቼ ፈላ ባለ ውሃ ሽሮ ነስንሼበት፣ ልብሴን ቀይሬ እስክመለስ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። አንዴ ግን መብራት ለሁለት ቀን ሄዶ ሙሉ ዕቃ ቁሌት ኮመጠጠብኝ። ቸኩዬ ውሃው በደንብ ሳይመጥ ያወጣሁት ነበር። አሁን እስኪደርቅ ድረስ አቆየዋለሁ፣ የማዘጋጀውም እስከ ሐሙስ የሚያደርሰኝን ብቻ ነው። ለመብራቱ ደግሞ ከሰልና ምድጃ በረንዳ ላይ አለ። በከሰል የተሠራው ሽሮ ይበልጣል፣ ይሄንን ሳልደብቅ እናገራለሁ፣ እሳቱ ራሱ አያስቸኩልም።

ሽሮው ሲሳካልኝ ደፈርኩና ክክ አልጫ ሞከርኩ። ዩቲዩብ ላይ ያየኋት ሴትዮ፣ ውጭ ሀገር የምትኖር ናት፣ ክኩ በሠላሳ ደቂቃ እንደሚበስል ነግራኝ ነበር። እኔ ጋ ከአንድ ሰዓት በኋላም ጥርስ ይሰብራል። ለካ ነገሩ ከፍታው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው ውሃው በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው፤ እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ ውሃችን 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ይንፈቀፈቃል እንጂ ያን ያህል አይሞቅም። ስለዚህ ጥራጥሬ እዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። አሁን ክኩን ጠዋት ከቤት ስወጣ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ማታ መጀመሪያ ለብቻው እቀቅለዋለሁ፣ እርድና ሽንኩርቱ ጋ የሚገናኘው ከላላ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጥሬውን ክክ ቀጥታ ቁሌት ላይ ጨምሬው ሽንኩርቱ ሟምቶ ጠፋ፣ ክኩ እንደ ጠጠር ቀረ።

እንጀራ አልጋግርም። ምጣድ የለኝም፣ ቦታም የለኝም። የአድአ ጤፍ ከሚባለው አገር አፍንጫ ስር ተቀምጬ የሱቅ እንጀራ መብላቴ ያሳፍረኛል፣ ግን ይሁን። አንዴ ስገዛ አሥር እገዛለሁ፤ በአራተኛው ቀን ሻጋታ ይጀምረዋል። ሦስት አራት እንጀራ ከጣልኩ በኋላ እትዬ ሰምተው ተቆጡኝ። "እንጀራ ይጣላል?" አሁን በሦስተኛው ቀን የተረፈውን ቆራርሼ በረንዳ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ። ድርቆሽ። ያደረ ሽሮ በትንሽ ውሃ ቀጠን አድርጌ አሞቅና ድርቆሹን እጨምርበታለሁ። ቁርስ ነው። ሽሮው ሲያድር ደግሞ ይጥማል።

ፋሲካ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ በቅቤ የሚባረክ መስሎኝ ነበር። ለጋ ያልሆነ፣ በደንብ የተነጠረ ቅቤ ጨመርኩ። ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቅቤ የቁሌቱን ጥፋት ይሸፍናል፤ ሽንኩርቱን አሥር ደቂቃ ቀንሼበት ማንም አላወቀብኝም። የጾሙ ሽሮ አይሸፍንልህም። አሁን በፍስክ ቀን እንኳ በዘይት የምሠራው ለዚህ ነው፤ እናቴ ይሄን ስነግራት "ድህነት ነው ያስተማረህ" አለችኝ።

ምሳ ዕቃ የያዝኩት ግን ከዚያ በፊት ነው፣ ሆሳዕና ሊደርስ ሲል፣ ረቡዕ ቀን። መሥሪያ ቤት ሰዉ ትሪው ላይ እንጀራ ዘርግቶ ከየዕቃው ይገለብጣል። ምስር አለ፣ ጎመን አለ፣ ድንች አልጫ አለ። እኔ የእኔን ሳወጣ ጸጥታ ሆነ። "ማነው የሠራልህ?" አለች አንዷ። እኔ ነኝ ስል ማንም አላመነም፤ ሁለት ሰው ደግሞ ሳልነግራቸው ያገባሁ መስሏቸው ተቀየሙኝ።

አንድ ባልደረባ አለን፣ ሲበላ እንደ ፈታኝ የሚያደርገው። አንድ ጉርሻ ወሰደ። አላመጠ። ጣሪያውን አየ።

"ጨው አንሶታል" አለ።

እውነቱን ነው፣ አንሶት ነበር። ግን ይህን የነገረኝ የምሳ ዕቃዬን ጥግ በእንጀራ እየጠረገ ነው።