ቡሹ ወደ ላይ ሄደ

ዛሬ ጠዋት ዓሣ ላጠምድ ወጥቼ ነበር። አዎ፣ እኔ። ሳቁና ጨርሱ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ፤ እንቅልፍም እምቢ አለኝ። የቆርቆሮው ድምፅ ድሮ ያስተኛኝ ነበር። አሁን አሁን ቁጭ አድርጎ ያስቆጥረኛል፤ የቤት ኪራይ፣ ዕድር፣ መልሼ ያልደወልኩላቸው ሰዎች። 11 ሰዓት ሲል ተነሳሁና ያ እንግሊዝ ያለው የአክስቴ ልጅ አምና በሰው የላከልኝን ክርና መንጠቆ ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። አከራዬ ማታ የሰጡኝ የበቆሎ ንፍሮ ሳይነካ ሳህኑ ላይ አድሯል። እሱንም በፌስታል ያዝኩ። ትል ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ በሰኔ ዝናብ ከጎመኑ ሥር አንድ ጊዜ ቆፈር ማድረግ ነው።

ልጁ እዚያ የለከፈው ነገር ቴንች የሚሉት ዓሣ ነው። የካርፕ ዘመድ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅርፊቱ ደቃቅ፣ ዓይኑ ትንሽና ቀይ፣ ገላው ደግሞ በወፍራም ዝልግልግ የተሸፈነ። ድሮ ሐኪም ዓሣ ይሉት ነበር አሉ። የታመመ ዓሣ መጥቶ ገላውን ሲታከክበት ይድናል ብለው ያምኑ ነበር። ይህን ሲነግረኝ ጸበል ፊት ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁ ዓሦች ታዩኝ።

ለእናቴ የነገርኳት ቀን ደግሞ ሌላ ነው። «ፈቃድ ገዝቶ፣ ጨለማ ለጨለማ ወጥቶ፣ ዓሣውን ይይዝና ፎቶ አንስቶ መልሶ ይለቀዋል» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ልጁ ተማርኩ አላለም እንዴ?» አለችኝ። ያኔ ገና ትቀልድ ነበር።

ሰኔ 9 ለእንግሊዞቹ ትልቅ ቀን ነበር። ዓሣው ይራባ ተብሎ ከመጋቢት 6 ጀምሮ ማጥመድ ይከለከልና በዚያ ቀን ይከፈታል። ሐይቅ ዳር ጎሕ ሲቀድ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ደግሞ ይኸው ቴንች ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ለአብዛኛው የቆመ ውኃ ክልከላው ተነሳ፤ ወንዙ ላይ ግን አሁንም አለ። የእኛ የጣናው ነጭ ዓሣ በተቃራኒው ገና ጉዞውን ሊጀምር ነው። ክረምቱ ሲበረታ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ግልገል አባይ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ ይወጣል። እኛም የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተን እንቀበለዋለን። የእንግዳ አቀባበል እንዲህ ነው።

እና የሄድኩት እዚችው ባሕር ዳር፣ ደንገሉ ሳሳ ያለበት ቦታ ነው። ጉማሬ አለመኖሩን ሦስት ጊዜ አየሁ። አራተኛም አየሁ።

የልጁን ዘዴ ልንገራችሁ፤ የጠዋቴ ጉድ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዓሣ መንካቱን ውኃ ላይ ቆሞ የሚናገረው ቀጭን እንጨት ሻንጣ ውስጥ ተሰብሮ ነበር የደረሰኝ። ስለዚህ ከጠርሙስ ቡሽ ጠርቤ ሠራሁ። ወገቡን በጋለ ሚስማር በሳሁት፣ ክሩን አሾለክሁና በክብሪት እንጨት ወተፍኩት። ጫፉን የአከራዬ ልጅ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችልኝ። ከመንጠቆው አራት ጣት ከፍ ብሎ ትንሽ እርሳስ ይታሰራል። እርሳሱ ጭቃው ላይ ማረፍ አለበት። ክሩን ቀስ አድርገህ ስትወጥረው ቡሹ ቀጥ ይልና እስከ አንገቱ ሰምጦ ይቆማል። በመጀመሪያ ግን ማባበያ ትበትናለህ። እሱ ፉርሽካና በቆሎ ነው የሚጠቀመው፤ እኔ የእትዬን ንፍሮ በትኜ መንጠቆው ላይ ትል ሰካሁ።

ቁጭ አልኩ።

አንድ አሥጋሪ በታንኳ አለፉ። መቅዘፊያቸውን አቁመው አዩኝ። «ምን ልትይዝ ነው?»

«ከተገኘ ቀረሶ፣ ጋሼ።»

ቡሹን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ቀዩን የጥፍር ቀለም አዩት። «ይቅናህ» ብለው ሄዱ። የሳቁት ርቀው ነው፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ውኃው እንደ ጠላ ደፍርሷል። ሁለት ሻላዎች እንደ ባለሥልጣን ተኮፍሰው አለፉ። ልጁ «ከሥር ደቃቅ አረፋ እየተንጫጫ ሲወጣ ካየህ ቴንቹ ጭቃ እየፈለፈለ ነው ማለት ነው» ብሎኝ ነበር። እዚህ ቴንች የለም፤ እኔ ግን አረፋ ስፈልግ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ቡሹ ተነሳ።

ሰመጠ አላልኩም። ወደ ላይ ሄደ። እስከ አንገቱ ሰምጦ የነበረው ቀስ እያለ ወጣ፣ ወገቡ ታየ፣ ከዚያ ውኃው ላይ ጋደም አለ። ክሩ ላልቶብኝ ነው ብዬ ዝም ብዬ አየሁት። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ዘና ብሎ የተኛ ሰው ነው የሚመስለው። ሻዬን ከፔርሙስ ቀድቼ ጠጣሁ። በኋላ ላስተካክለው ስስበው መንጠቆው ባዶ፣ ራቁቱን ነው።

ያን ጊዜ ነው የልጁ ነገር ትዝ ያለኝ። ዘዴው እኮ ይኸው ነው! ቴንች ጎትቶ አያሰምጥም። አፉን ጭቃው ላይ ደፍቶ ይለቅማል፣ ከዚያ ቀና ሲል እርሳሱን አብሮ ያነሳዋል። ቡሹን ወደ ታች ይዞት የነበረው ክብደት ለጊዜው ዓሣው አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ቡሹ ይቀለዋል፣ ይነሳል፣ ይተኛል። ክሩን መንጨቅ ያለብህ ያኔ ነው። የእኔም ቀረሶ ይሁን አምባዛ፣ ያው ነው ያደረገው። እኔ ሻይ እየጠጣሁለት በልቶ ሄደ።

እናቴ ሐሙስ ዕለት ደውላ ነበር።

እናቴን ታውቋታላችሁ። ስትደውል ዝርዝር አላት። ጉልበቷ፣ የማዳበሪያው ነገር፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ የጎረቤት ከብት፣ እኔ አለማግባቴ፣ እንደገና ጉልበቷ። ዓመት ሙሉ ያን ዝርዝር ስሰማ ደረቴ ላይ ድንጋይ ይቀመጥ ነበር። ሐሙስ ግን «ምንም አልጎደለብኝም ልጄ። ደህና ነኝ። መንገዱም ጥሩ አይደለም፣ ለመምጣት አትቸኩል» አለችኝ። ጉልበቷን አላነሳች። ሚስት አላነሳች። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ስልኩንም ቀድማ የዘጋችው እሷ ናት። እናቴ ስልክ ቀድማ ዘግታ አታውቅም።

እኔ ምን አደረግሁ? ቀለለኝ። ቢሮ ገብቼ «እናቴ ተሽሏታል» ብዬ ማኪያቶ ጋበዝኩ።

ክሩን ጠቀለልኩና ደንገሉ መሃል ቆሜ ደወልኩላት። አይነሳም። እንደገና። በሦስተኛው እታለም አነሳችው። የእናቴ ስልክ እሷ ጋ ምን ይሠራል?

«እማዬስ?»

«ተኝታለች።»

«በ2 ሰዓት? ደህና ናት?»

«ደህና ናት፤ ምን ትሆናለች? አንተስ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

ሦስታችንም ደህና ነን እንግዲህ። ማታ እደውልልሃለሁ አለችኝ፤ ይኸው እስካሁን አልደወለችም። ቢቸና ነገ የሚሄድ መኪና ይኑር አይኑር ልጠይቅ መናኸሪያ ልወርድ ብዬ፣ ከዚያ በአንዲት ቡሽ ተነስቼ ሰው ላስደነግጥ ነው እንዴ ብዬ፣ ከዚያ ደግሞ ልወርድ ብዬ ጫማዬን ሁለት ጊዜ አድርጌ አውልቄያለሁ።

ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስገባ እትዬ በር ላይ ነበሩ። ባዶውን ሳህን ሰጠኋቸው።

«ንፍሮው ጣፈጠህ?»

«በጣም፣ እትዬ። አንድም ፍሬ አልተረፈ።»

ደስ አላቸው። ለነገም እንቀቅልልሃለሁ ብለውኛል።