የከነዓን ውሻን ፎቅ ቤት ውስጥ እንዴት አሳደግሁት?

የምኖረው ቤር ሼቫ፣ ደቡብ እስራኤል ነው። ከከተማው ትንሽ ወጣ ሲሉ የኔጌቭ በረሃ ይጀምራል። የበደዊን (የበረሃ ዘላን አረቦች) እረኞች በጎቻቸውን ይዘው ሲያልፉ ጆሮው የቆመ፣ ጭራው ወደ ጀርባው የተጠቀለለ፣ አሸዋማ መልክ ያለው ውሻ ከመንጋው ራቅ ብሎ ይከተላል። የከነዓን ውሻ ማለት እሱ ነው። ከዚሁ ዝርያ አንድ ቡችላ ወስጄ አፓርታማ ውስጥ አሳደግሁ። "ፎቅ ላይ አይሆንም" ያሉኝ ብዙ ነበሩ። ይሆናል። ግን የውሻውን የድሮ ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን ውሻ የቀረጸው በረሃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሃጋና (እስራኤል ከመመሥረቷ በፊት የነበረው የአይሁዶች የመከላከያ ድርጅት) የጥበቃ ውሻ ሲፈልግ ሩዶልፊና ሜንዜል የሚባሉ ኦስትሪያዊት ባለሙያን አማከረ። የአውሮፓ ውሾች የአገሩን ሙቀት አልቻሉትም። እሳቸው ግን በድንኳኖችና በሰፈር ዳርቻ የሚኖሩትን ውሾች ልብ ብለው ያዩ ነበር። እነሱን ሰብስበው አሠለጠኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈንጂ አነፍናፊ ሆነው ሠርተዋል። ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 እንደ ዝርያ ተቀበላቸው።

የመንጋ ጠባቂነቱ ቤት ውስጥም አይለቀውም። እንግዳ ሲመጣ ዘሎ አይናከስም። ወደኋላ ፈቀቅ ይልና ርቀቱን ጠብቆ ይጮኻል። እንግዳው ሲጠጋ እሱ ይርቃል፤ ጩኸቱ ግን አይቆምም። ባለቤቱን መቀስቀሱ ነው። ስለዚህ አልቆጣውም። ሄጄ የሚያየውን አያለሁ፣ ቀስ ብዬ "በቃ" እላለሁ፣ ዝም ሲል ቁራሽ ዶሮ እሰጠዋለሁ። ሥራውን እንደጨረሰ ሲገባው ሄዶ ይተኛል። ጎረቤቶቼ እንቅልፍ ያገኙት በዚህ ነው።

ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ትልልቅ እናቶች ይመጣሉ። አንዷ በሩ ላይ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ይነክሳል እንዴ?"

"አይነክስም እማማ። ብቻ አይዩት፣ እጅዎንም አይዘርጉለት። ዝም ብለው ገብተው ይቀመጡ።"

ተቀመጡ። ጀበናው ሳይወርድ ውሻው በራሱ ጊዜ መጥቶ የቀሚሳቸውን ጠርዝ አሸተተ፤ ከዚያ እግራቸው ሥር ጋደም አለ። የመቅረቡን ውሳኔ ለእሱ መተው ነው። ይህን ያህል የሠራልኝ ሌላ ዘዴ የለም።

ሥልጠና ላይ አንድን ነገር ደጋግሞ ማሠራት አይወድም። ሁለት ሦስቴ ካደረገው በኋላ ይሰለቸውና ፊቱን ያዞራል። አጠር አድርጌ፣ በሚበላ ነገር እያባበልኩ አስተምረዋለሁ። ጉልበትማ ጨርሶ አይሞከርም፤ ይቀየማል። ደግሞ ዓመት ሊሞላው ሲል ድንገት ሁሉን መጠርጠር ጀመረ፤ የቆሻሻ ገንዳ እንኳ ያስደነግጠው ነበር። በዚህ ዝርያ የተለመደ ነው። ገበያውን፣ አውቶቡስ ፌርማታውን፣ ሕፃናት የሚጫወቱበትን ቦታ ከሩቅ እያሳየሁ አሳለፍነው። በቡችላነቱ ብዙ ሰው ማየቱም ያኔ ጠቅሞታል።

ረጅሙን ገመድ ግን በረሃ ስንወጣ እስካሁን አልፈታለትም። ሚዳቋ ካየ ስሙን ብጠራውም አይሰማኝም።