በሰበቃ ብየዳ ሲሙሌሽን ውስጥ የሙቀቱ መግጠም ብቻ ለምን አይበቃም

ብዙዎቹ የሞተር ጭስ ማስወጫ ቫልቮች ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠሩ ናቸው። ጭንቅላቱ ከፍተኛ ሙቀት ከሚችል ብረት፣ ግንዱ ደግሞ መፋቅን ከሚቋቋም ሌላ ብረት ይዘጋጅና ሁለቱ በሰበቃ ብየዳ ይጋጠማሉ። አንዱ ዘንግ በፍጥነት ሲሽከረከር ሌላው ሳይዞር ይገፋበታል፤ በመገናኛው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ብረቱን ሳያቀልጠው ያለሰልሰዋል፤ ከዚያም ሽክርክሪቱ ቆሞ ግፊቱ ሲጨምር ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ። ሥራው በጥቂት ሰከንዶች ስለሚያልቅና ዋናው ነገር የሚከናወነው መለኪያ በማይገባበት በሁለቱ ገጾች መካከል ስለሆነ፣ ውስጡን ለመረዳት በኮምፒውተር ሲሙሌሽን መታገዝ ግድ ይላል።

ቫልቩን ለጊዜው ትተን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ 6061 ከተባለ የአልሙኒየም ቅይጥ የተሠራ ዘንግ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዙር፤ ግፊቱ 50 ሜጋፓስካል፣ የሰበቃ ኮፊሸንቱ (የሰበቃው ኃይል ከግፊቱ ኃይል ስንት እጅ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር) 0.3 ይሁን። ቶርኩ፣ ማለትም ዘንጉን ለማዞር የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ኃይል፣ 31 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል ደግሞ 4.9 ኪሎ ዋት ያህል ይሆናል። የዘንጉ ጠርዝ በሰከንድ 1.57 ሜትር ሲንሸራተት መሐሉ ግን ከነጭራሹ አይንሸራተትም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከዳር ጀምሮ ወደ ውስጥ ይገባል።

ኮፊሸንቱን በ0.3 አስረን ሞዴሉን ብንለቀው ሙቀቱ ያለ ገደብ እየወጣ አልሙኒየሙ መቅለጥ የሚጀምርበትን 582 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በእውነተኛው ብየዳ እንዲህ አይሆንም፤ ምክንያቱም የለሰለሰ ገጽ ከራሱ የሺር ጥንካሬ (ንጣፍ በንጣፍ ላይ እንዳይንሸራተት ከሚይዘው አቅም) በላይ የሆነ የሰበቃ ኃይል ሊሸከም አይችልም። በምሳሌያችን የሰበቃው ጫና 15 ሜጋፓስካል ነው፤ የሺር ጥንካሬ ደግሞ ብረቱ ሲሳብ ከሚያሳየው ጥንካሬ 58 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ የአልሙኒየሙ የመሳብ ጥንካሬ ከ26 ሜጋፓስካል በታች ሲወርድ ገጾቹ መንሸራተታቸውን ትተው ይጣበቃሉ፤ ከሥራቸው ያለው ስስ ንጣፍ ደግሞ መፍሰስ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሙቀት የሚመነጨው ከዚህ ፍሰት ነው። ሙቀት ሲጨምር ጥንካሬ ይቀንሳል፣ ጥንካሬ ሲቀንስ የሚመነጨው ሙቀት ያንሳል። ሒደቱ ራሱን በራሱ የሚገታው በዚህ መንገድ ነው፤ ይህን ገደብ ያላካተተ ሞዴል የሰበቃ ብየዳን አሳይቷል ለማለት አልደፍርም።

ለጥንካሬው አብዛኞቻችን የምንጠቀመው የጆንሰንና ኩክን ቀመር ሲሆን፣ ይህም የለውጡን መጠን፣ የለውጡን ፍጥነትና ሙቀቱን በሦስት ብዜቶች ያያይዛል። ለ6061 አልሙኒየም በቲ6 ሁኔታው (በሙቀት ታክሞ በጠነከረበት ሁኔታ) የሚሠራባቸው ቋሚ ቁጥሮች ከጥናት ወደ ጥናት እየተገለበጡ መሄዳቸው ግን ያሳስበኛል። የቲ6 ጥንካሬ የሚመጣው በውስጡ ከተበተኑ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ነው፤ እነዚህም በብየዳው ሙቀት ይገዝፋሉ ወይም ይሟሟሉ። ቀመሩ ግን ያለፈውን ሙቀት አያስታውስም፤ አልሙኒየሙ ሲቀዘቅዝ የቀድሞ ጥንካሬው ሙሉ በሙሉ እንደተመለሰ አድርጎ ያሰላል።

ሜሹም፣ ማለትም ሞዴሉ ኤለመንት በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለበት መረብ፣ የራሱ ችግር አለው። ከመገናኛው ተገፍቶ እየተጠቀለለ የሚወጣው ከንፈር ኤለመንቶቹን ስለሚያጣምማቸው ሜሹን ደጋግሞ ማደስ ያስፈልጋል። ለክብ ዘንግ በሁለት ልኬት ተሠርቶ ጥምዘዛውን የሚጨምር ሞዴል ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ዋናው ጥያቄ ውጤቱን በምን እንመዝነው የሚለው ነው። ከመገናኛው ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ርቆ የተተከለ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) የሚነግረን ወደ እሱ የደረሰውን ጠቅላላ ሙቀት እንጂ ሙቀቱ በገጹ ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ አይደለም። ስለዚህ ኮፊሸንቱን እያስተካከሉ የተለካውንና ሞዴሉ ያሰላውን የሙቀት መስመሮች ማገጣጠም ቀላል ነው፤ ይህ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ከሙቀቱ ጋር የዘንጉ ማጠርና የቶርኩ ታሪክ አብረው መግጠም አለባቸው። ቶርኩ መጀመሪያ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወርዶ ይረጋል፣ ዘንጉ ሊቆም ሲል ደግሞ እንደገና ይወጣል፤ የማይለወጥ ኮፊሸንት ይህን ውጣ ውረድ ሊያሳይ አይችልም። በቫልቩ ላይ ደግሞ የከንፈሩ ቅርጽ ራሱ ፈተና ነው፦ የጭንቅላቱ ብረት ሲግልም ጠንካራ ስለሆነ አብዛኛው ከንፈር የሚወጣው ከግንዱ በኩል ነው። ሞዴላችን በሁለቱም በኩል እኩል ከንፈር ካወጣ፣ የሙቀት መስመሩ የቱንም ያህል ቢገጥም ወደ ጥንካሬው መረጃ ተመልሰን መመርመር ይኖርብናል።