ክሊኩ በማን እጅ ይሁን?

ክሊክ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ለማያውቀው፣ ድራም መቺው ጆሮ ውስጥ ብቻ ጠቅ ጠቅ እያለ ፍጥነት የሚጠብቅ ድምፅ ነው። ከባንዱ ጀርባ ቪዲዮ የሚሄድ ወይም መብራቱ በኮምፒውተር የታዘዘ ከሆነ ያለ እሱ መሥራት ራስ ምታት ነው። አትላንታ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የሳውንድ ሥራ ነው የምሠራው፤ ክሊክ ብዙ ጊዜ ከጉድ አውጥቶኛል። የተማሪዎቹ ባንድ የሶል ሙዚቃ ምሽት ባዘጋጀ ጊዜ ግን ጉዱ ራሱ ክሊኩ ሆነ።

ዝግጅቱ በደንብ የታሰበበት ነበር። ባንዱን የሚመሩት የሙዚቃ መምህር፣ ሶል ከቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደወጣ በዘፈን ቅደም ተከተል ለማሳየት ነው ያሰቡት። መነሻቸውም እዚሁ ከተማ ነው፤ ዘፋኙ ሬይ ቻርልስ «አይ ጋት ኤ ዉማን»ን የቀዳው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1954 አትላንታ ውስጥ፣ የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ በነበረው የሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ ነው። ዘፈኑ ሳውዘርን ቶንስ ከሚባሉ ዘማሪዎች መዝሙር ላይ የተነሣ ነበር። ጌታ በተመሰገነበት ዜማ ሴት ሲወደስበት የተቆጡ ምእመናን ነበሩ። ዘማሪ የነበረው ሳም ኩክም ዓለማዊ ዘፈን መጀመሪያ ሲያወጣ የመዝሙር አድማጮቹን ፈርቶ ዴል ኩክ በሚል ስም ነው። ሙሉቀን መለሰና ሂሩት በቀለ ዘፈን ትተው ወደ መዝሙር ሲገቡ ላየ የእኛ ሰው ይህ ድንበር አዲስ አይደለም።

እንግዳዋ ዘማሪ ከአንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የመጡ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። «ዓለማዊውን አልዘፍንም፣ የምገባው ከዕረፍት በኋላ ነው» ብለው አስቀድመው ተናግረዋል። (ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ግን እያንዳንዷን ዘፈን ከነግጥሟ ሲያንጎራጉሩ ሰምቻለሁ።) የራሳቸውን ኦርጋኒስት ይዘው መጡ። ኖታ አያይም፤ ባንዱን የሚሰማበት የጆሮ ሞኒተር (ማዳመጫ) ብሰጠውም «ይቅርብኝ፣ እሳቸውን ነው የምሰማው» አለኝ።

ኦርጋኑ የኪራይ ሃሞንድ ቢ ስሪ ነበር። ከ180 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ደረጃ ላይ ማውጣቱን የሞከረ ወገብ ያውቀዋል። ሌዝሊ የሚባለው ስፒከሩ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ሆኖ ውስጡ በሞተር ይሽከረከራል፤ ከላይ ሁለት፣ ከታች አንድ ማይክ አደረግንለት። ኦርጋኒስቱ የመሽከርከሪያውን ፍጥነት ሲቀይር የአዳራሹ አየር አብሮ የሚነሣ ይመስላል። የኪቦርድ ኦርጋን ይበቃኛል የሚል ሰው አንድ ጊዜ አጠገቡ ቆሞ ይስማው።

ሳውንድ ቼክ ላይ፣ ማለትም ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ ሲሞከር፣ ዘማሪዋ በግማሽ ድምፅ ነው የዘመሩት። ዋናው ሚክሰር ላይ የተቀመጠው ተማሪ ጌይኑን (የማይኩን የድምፅ መጠን) ሊያነሣ ሲል «ተው ወንድሜ፣ ይሄ ድምፃቸው አይደለም፤ ቦታ ተውላቸው» አልኩት። እኔ መድረኩ ዳር፣ መድረክ ላይ ያሉት የሚሰሙትን ድምፅ በሚያስተካክለው የሞኒተሩ ሚክሰር ላይ ነኝ። ዘማሪዋ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ የእኔን ቀንስልኝ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ኦርጋኑን ስጠኝ» አሉኝ።

ነገር የመጣው ሦስተኛው መዝሙር ማብቂያ ላይ ነው። በጎስፔል፣ በጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ መጨረሻ አንዲት አጭር ስንኝ እየተደጋገመች ትሄዳለች። ተቀባዮቹ እሷኑ ይመልሳሉ፤ ዘማሪው በላይዋ የመጣለትን ይጨምራል፤ መዝሙሩ የሚግለው እዚያ ነው። ኖታው ላይ ስምንት ጊዜ ተብሎ ተጽፏል። ስምንተኛው ሲሞላ ትራምፔቶቹ ማሳረጊያውን ነፉት፤ እሳቸው ገና መሞቃቸው ነበር።

«ስንት ጊዜ እናድርግልዎት?» አሉ መምህሩ በትሕትና።

«እኔ ምኑን አውቄ! ሲያልቅ ያስታውቃል።»

«ቪዲዮው ግን ያልቃል።»

በአሥራ ስድስት ተስማሙ። ኦርጋኒስቱ ፈገግ አለ እንጂ አልተናገረም፤ ምን አሳቀህ ያለውም የለም። ድራም የምትመታው ተማሪ ብቻ ወደ እኔ መጥታ «ካስቸገረኝ ክሊኩን ታጠፋልኛለህ?» አለችኝ። «እጅሽን አንገትሽ ላይ አድርጊ፣ ይገባኛል» አልኳትና ማጥፊያውን ጣቴ ሥር አመቻቸሁት።

የማታው የመጀመሪያ ክፍል ያለ እንከን አለፈ። ከዕረፍት በኋላ ዘማሪዋ አፋቸውን ሲከፍቱ የተውንላቸው ቦታ ሁሉ ሞላ፤ ቢሆንም ድምፁ አልተሰነጠቀም። ሦስተኛው መዝሙር ደረሰ። አሥራ ስድስተኛው ድግግሞሽ ላይ እንደታዘዘው ስክሪኑ ጠፋ፣ መብራቱ ደበዘዘ፣ ነፊዎቹ መሣሪያቸውን አነሡ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጠሉ። ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጭባል፤ ፍጥነቱም ቀስ በቀስ እየጨመረ ነው። ክሊኩ ለልጅቷ አንድ ነገር ይነግራታል፣ ኦርጋኑ ሌላ፤ ለሁለት ሦስት ባር (የምት ዙር) ድራሙ አነከሰ። እጇ አንገቷ ላይ ሄደ፤ አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ መሪው ኦርጋኒስቱ ሆነ። በቀኙ እየተጫወተ ግራ እጁን ያነሣል፦ ጣቱ ሲሽከረከር ድገሙ፣ አውራ ጣቱ ሽቅብ ሲል ዜማውን በግማሽ ድምፅ ወደ ላይኛው ኪይ አሸጋግሩ፣ ጡጫ ሲሆን ቁሙ ነው። በጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ሲጫወት ያደገ ያውቀዋል፤ ኖታችን ላይ ግን አልነበረም። ከነፊዎቹ ያወቀው አንድ ትራምፔት የሚነፋ ልጅ ብቻ ነው። ኖታውን ትቶ ወደ ኦርጋኑ ዞረ፣ ሌሎቹ እሱን እያዩ ተከተሉት። ድራመሯም አንገቷን ጠምዝዛ ትመታለች። የመጀመሪያው ሽግግር ያስቃል፤ አንዱ ትሮምቦን ታች ቀርቶ ነበር። ሁለተኛው ልክ ገባ። መምህሩ መጀመሪያ እጃቸውን አወናጨፉ፤ ከዚያ ተዉትና ከሕዝቡ ጋር ማጨብጨብ ጀመሩ። ስንት መሪ ይህን ይደፍራል? እኔ እንጃ። መብራት የያዘው ልጅ በሬዲዮው «ምን ላድርግ?» ይላል፤ «ነጩን አብራና እጅህን ሰብስብ» ተባለ። ጡጫው ሲነሣ ሁሉም በአንድ ምት ቆሙ።

በግምገማው ስብሰባ አስተባባሪው «የግንኙነት ክፍተት» ብሎ መዘገበው፤ ይህ ሐረግ ያልገባበት ቃለ ጉባኤ አይቼ አላውቅም። አንዱ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ብለን ብንጽፈው ኖሮ አለ። ነገሩን ያገኘችው ድራመሯ ናት። «ቁጥሩ አይደለም፤ ማንን እንደማይ አልተነገረኝም። መምህሩ ከፊቴ ናቸው፣ የሚመራን ሰው ከጀርባዬ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ኦርጋኑ ኋላ የተቀመጠው ለገመድ ስለሚቀርብ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

በቀጣዩ ዝግጅት ኦርጋኑ ከድራሙ ፊት ለፊት ገባ። የክሊኩ ማጥፊያ ድራመሯ እግር ሥር ሆነ፤ ቪዲዮውንም እያየ በእጁ የሚያስኬድ ተማሪ ተመደበ። መምህሩ ኦርጋኒስቱን ጠርተው ምልክቶቹን ለባንዱ እንዲያስተምር አደረጉ፤ ክፍያ ጠየቀ፣ ተከፈለው። የዚያ ምሽት የሠራተኞች ትርፍ ሰዓት ግን ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ አሁንም ይከራከራሉ።