ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የጂኦሜትሪ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ በየዓመቱ የሚመጣ ቅሬታ አለ። «ልጄ ሒሳብ ጎበዝ ነበረች፣ አሁን ምን ነካት?» ይላል ወላጅ። እውነታቸውን ነው። ቀመር ይዘው፣ ቁጥር ተክተው፣ መልስ አውጥተው 8ኛን በጥሩ ውጤት ያለፉ ልጆች ድንገት ይወርዳሉ። ከኋላ ተቀምጦ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ደግሞ ይነሳና ክፍሉን ያስገርማል።

ከእነዚህ ወላጆች አንዱ የመጡ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። በተለይ 9ኛ ክፍል ሊገባ የተዘጋጀ ልጅ ያላችሁ ሰዎች ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ሰውየው የግንባታ ፎርማን ናቸው። በቀጥታ ከሳይት ነበር የመጡት። ጫማቸው ላይ ሲሚንቶ አለ፣ ሜትራቸው ቀበቶአቸው ላይ እንደተሰካ ነው። ልጃቸውም አብራ መጥታለች። የቴስት ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጻፈችው ነገር ስህተት አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ከአምስት አንድ ብቻ ለምን ተሰጣት?»

ጥያቄው ሁለት ጎነ ሦስቶች ኮንግሩዌንት፣ ማለትም በቅርጽም በመጠንም እኩል፣ መሆናቸውን አሳዩ የሚል ነበር። ልጅቷ ማስመሪያ አውጥታ የሁሉንም ጎን ርዝመት ለክታለች። ሳንቲሜትሩን በጥንቃቄ ጽፋ፣ ከታች «እኩል ናቸው» ብላለች። ሥዕሉን ስታይ እኩል ይመስላሉ፤ ናቸውም። ጥያቄው ግን ለኩ አላለም። የተሰጠውን መረጃ ይዛችሁ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በምክንያት አስደግፋችሁ ድረሱበት ነው የሚለው።

ይህን ሳስረዳቸው አልተዋጠላቸውም። «በእኛ ሥራ የለካ ሰው ነው የሚታመነው» አሉኝ። ከዚያም ለጥገና ስለተጠሩበት አንድ ቤት ነገሩኝ። ሳሎኑ ከመሠረቱ ጀምሮ ጥጉ አልተጠበቀም። ሴራሚክ የሚያነጥፈው ልጅ ከአንዱ ግድግዳ ተነስቶ ሌላኛው ጋ ሲደርስ፣ የመጨረሻው ረድፍ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው በኩል እንደ ቢላ ጫፍ ቀጭን ሆነበት። ባለቤቶቹ ሴራሚስቱን ነው የተቆጡት። ጥፋቱ ግን መሠረት ሲወጣ የተሠራ ነው።

ነገሩ በቁጥርም ያስደነግጣል። 10 ሜትር ርዝመት ባለው ግድግዳ ላይ ጥጉ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት፣ ሌላኛው ጫፍ ከቦታው ወደ 17 ሳንቲሜትር ተኩል ይርቃል። አንድ ዲግሪ ደግሞ በዓይን አይታይም።

«እርስዎ ጥጉን በምን ያረጋግጣሉ ታዲያ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«በስድስት ስምንት አሥር ነዋ!» ፊታቸው በራ። «በዚህ በኩል ስድስት ሜትር ምልክት አደርጋለሁ። በዚያኛው ስምንት። ሁለቱን ምልክቶች በሜትር አገናኛለሁ። ልክ አሥር ከሞላ ጥጉ ስኩዌር፣ 90 ዲግሪ ነው። ካነሰ ተዘግቷል፣ ከበለጠ ተከፍቷል። የጥግ መለኪያውን ስኳድራ አላምንም፣ አጭር ስለሆነ ይዋሻል።»

ይህ የዕውቀት ጫፍ ነው። ትልቅ ጎነ ሦስት ሲሠሩ የልኬት ስህተት ጥጉን የሚያዛባው እንደሚቀንስ ጭምር ያውቃሉ።

«ለምን ይሠራል?» ስል ጠየቅኳቸው።

ዝም አሉ። እንዳላፈሩ ያስታውቃል፤ ነገሩን እያሰቡበት ነው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እሷ ቶሎ ብላ «ፓይታጎረስ ነው» አለች። «የስድስት ስኩዌር 36፣ የስምንት 64፣ ሲደመር 100። የአሥር ስኩዌር።»

ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። የፓይታጎረስ ቲዎረም የሚነሳው 90 ዲግሪ ካለበት ነው። ጥጉ 90 ከሆነ ጎኖቹ እንዲህ ይሆናሉ ይላል። አባቷ የሚሄዱት በተቃራኒው ነው። ከጎኖቹ ተነስተው ጥጉ 90 ነው ይላሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሐዋሳ ያለ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሁሉ ግን ሐዋሳ አይደለም። አንዱ አቅጣጫ እውነት ስለሆነ ብቻ ሌላውን ማመን አይቻልም። ለብቻው መረጋገጥ አለበት።

ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የልጅቷ ክፍል ስለነበር፣ ጊዜ ካላቸው ገብተው ለልጆቹ እንዲያሳዩልኝ ጠየቅኳቸው። ሳያቅማሙ ተነሱ። ከክፍሉ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ችካል መቱ፣ ሲባጎ ወጠሩ። አንድ ተማሪ ስድስቱን ያዘ፣ አንዷ ስምንቱን። አሥሩ እስኪሞላ ድረስ ሲባጎውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አስገፉት። ሲሞላ ልጆቹ አጨበጨቡ። ጥሩ አስተማሪ ናቸው፤ «ሜትሩ እንዳይላላ፣ ውጥሩን ጠብቅ» እያሉ ልጆቹን ሲያርሙ ላያቸው ሰው የዕለት ሥራቸው ማስተማር ይመስላል።

ክፍል ስንመለስ ሰሌዳው ላይ ጥያቄውን ጻፍኩ። ጎኖቹ 6፣ 8 እና 10 የሆነ ጎነ ሦስት አለ። በ6 እና በ8 መካከል ያለው ጥግ የግድ 90 ነው በሉና አሳምኑኝ። መለካት አይፈቀድም።

ረጅም ዝምታ ሆነ። እንዲህ ዓይነቱን ዝምታ መምህር ሊቸኩልበት አይገባም ብዬ አምናለሁ። መልሱን ቶሎ ከነገርናቸው ትምህርቱን ራሱን ወሰድንባቸው ማለት ነው። አንዱ ልጅ ሞከረና ክብ ዞሮ እዚያው ተመለሰ፤ ማረጋገጥ የሚገባውን ነገር እንደ መነሻ ተጠቅሞበታል። ይህ በፕሩፍ (በማረጋገጫ) ውስጥ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

በመጨረሻ ልጅቷ እጇን አወጣች። ወጥታ ከሥዕሉ ጎን ሌላ ጎነ ሦስት ሣለች። «የዚህኛውን ጥግ እኔ ራሴ 90 አደርገዋለሁ» አለች። «ሁለቱን ጎኖች 6 እና 8 አደርጋለሁ። አሁን 90 ስላለ ፓይታጎረስን መጠቀም እችላለሁ። ሦስተኛው ጎን 10 ይሆናል።» ቆም ብላ ሁለቱን ሥዕሎች አየች። «ስለዚህ የሁለቱም ጎኖች 6፣ 8፣ 10 ናቸው። ሦስቱም ጎን እኩል ነው። ኤስ ኤስ ኤስ። ኮንግሩዌንት ናቸው። የእኔ ጥግ 90 ከሆነ ያኛውም 90 ነው።»

አባቷ ከኋላ ወንበር ተነስተው ቆመው ነበር።

የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በጻፈው መጽሐፍ፣ የመጀመሪያው ክፍል 48 ፕሮፖዚሽኖች (ቲዎረሞችና የአሣሣል ሥራዎች) አሉት። 47ኛው ፓይታጎረስ ነው። 48ኛው፣ የክፍሉ መዝጊያ፣ ልጅቷ ሰሌዳ ላይ ያሳየችው ነው። መንገዱም በመሠረቱ ያው ነው፦ አጠገቡ ሌላ ሠርቶ ማመሳከር። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ውስጥ የተፈጠረውን ስሜት ብታዩት ደስ ይላችሁ ነበር።

እንግዲህ የ2ኛ ደረጃ ጂኦሜትሪ የሚጠይቀው ይህን ነው። በእኛ አገር ለብቻው የቆመ ትምህርት አይደለም፣ ሒሳብ ውስጥ በምዕራፍ ይመጣል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሙሉ ዓመት በዚህ ስም ይማሩታል። ይዘቱ ግን ዞሮ ዞሮ ተመሳሳይ ነው፦ ትይዩ መስመሮች፣ ጎነ ሦስቶች፣ ኮንግሩዌንስና ሲሚላሪቲ፣ ፖሊጎን፣ ክብ፣ ስፋትና ይዘት፣ ኮኦርዲኔት። የሚከብደው ርዕሱ አይደለም። «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ወደ «በምን አወቅህ?» መቀየሩ ነው። በዚያ ላይ በ2ኛ ደረጃ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ልጁ ሐሳቡ ገብቶት ቃሉ ሊያጥረው ይችላል። እኔ መጀመሪያ በአማርኛ ተናገሩት፣ ከዚያ ጻፉት እላለሁ።

ሥዕል እንዳያታልላቸውም መንገር ያስፈልጋል። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል በልኩ ላይሠራ ይችላል። የሚታመነው የተሰጠው መረጃና ምልክቱ ብቻ ነው። ሦስቱም አንግሎች እኩል ሲሆኑ ብዙ ልጆች ኮንግሩዌንት ብለው ይቸኩላሉ። አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ ሆኖ አንግላቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሲሚላር ነው። ኮምፓስና ማስመሪያ ግዙላቸው። ማታ ደብተራቸውን ስታዩ መልሱን አትመርምሩ። አንዱን መስመር ጠቁማችሁ «ይሄ ከየት መጣ?» በሉ። ሒሳቡን ማወቅ አይጠበቅባችሁም፣ መጠየቁ ብቻ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ቴስቶች ላይ ውጤት ቢወርድም አትደንግጡ። ቲዎረም በቃሉ የሸመደደ ልጅ ግን ሳይገባው ወደ 10ኛ ክፍል ክብ ከገባ እዚያ በጣም ይቸገራል። ያኔ ዝም አትበሉ።

ፎርማኑ ከመሄዳቸው በፊት ለክፍሉ አንድ ጥያቄ ጣሉ። «እኛ መሠረት ስናወጣ ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች እኩል ቢሆኑም አናምንም። ዲያጎናሉን፣ ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ፣ እንለካለን። ሁለቱ ዲያጎናሎች እኩል ከሆኑ አራቱም ጥግ ስኩዌር ነው። እሱስ ለምን?» የቤት ሥራ አደረግኩት። እስከ ዛሬ ከወረቀቴ አልወጣም።

ልጅቷ በማግስቱ ይዛ መጣች። አንድ ጎን የሚጋሩ ሁለት ጎነ ሦስቶች ወስዳ፣ በኤስ ኤስ ኤስ ጎረቤት ጥጎች እኩል መሆናቸውን አሳይታለች። ቀጥላ «ድምራቸው 180 ስለሆነ እያንዳንዳቸው 90 ናቸው» ብላለች። ከአምስት አራት ሰጠኋትና ከጎኑ «180 ከየት መጣ?» ብዬ ጻፍኩ። በእረፍት ሰዓት ወረቀቱን ይዛ ስታፍ ድረስ መጣች።

«ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች እኩል ስለሆኑ ትይዩ ናቸው፣ ቲቸር። በትይዩ መስመሮች መካከል በአንድ ወገን ያሉ አንግሎች ድምር 180 ነው።»

«ጻፊው» አልኳት። እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈችው።